የማንን ጣዖት እንስበር?

(ባለፈው እትም «ጣዖት በመካከላችን» በሚል ርእስ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ)



ባለፈው እትም «ጣዖት በመካከላችን» የሚል ጽሑፍ በዚህችው መጽሔታችን ላይ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶአል። የጸሐፊው ወንድማችን ብዕር ስል ነው፤ አማርኛቸውም ያማረ ነው። ስለዚህም በሰፈራችን ጽሑፉን ያላነበበ፣ ማንበብ ባይችል እንኳ ያላስነበበ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ በመካከላችን ጣዖት የሚያመልኩ አሉ፤ መከራችን የረዘመው፣ ራሽናችን ያነሰው በእነሱ ጦስ ነው፤ እንግዲያውስ ጣዖቱ ይሰበር፣ አምላኪውም ከመካከላችን ይለይ የሚል ነው።

ጽሑፉ በወጣ በዘጠነኛው ቀን ከቧንቧው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ዕድሜያቸው ከሰባ የማያንስ አንዲት የወሎ እናት እንደ ልማዳቸው ቡና አፍልተው፣ ዕጣን አጢሰው፣ ከአቦሉ ጥቂት ወደ መሬት አፍስሰው ሲመርቁ አራት ወጣቶች መጡ። ጀበናውን በእግራቸው መትተው ሰበሩት። ከባልቴቲቱ አንገት ላይ ጨሌውን በጠሱት። «ጣዖት ነው!» አሉ። ዶቃው በአሸዋው ላይ ተበተነ፤ ሕፃናት እየተሻሙ ለቀሙት። እኒያ እናት አላለቀሱም፤ አልተራገሙምም። «ምነው ልጆቼ፣ ቡናውን እንኳ ጠጥታችሁ ቢሆን» ብቻ ነው ያሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ውሃ ለመቅዳት ተራ ሲይዙ አጠገባቸው የሚቆም ሰው ጠፍቶአል። ጀሪካናቸውን የሚሸከምላቸው ልጅ ቀርቶአል። ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራቸው ጎረቤትም የለም።

እንግዲህ አንድ ቃል በወረቀት ላይ ተጻፈ፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ እግር አውጥቶ ሄዶ ጀበና ሰበረ። እኔ አገሬ ሳለሁ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ቋንቋ አስተምር ነበር። ዕጩ መምህራኑን አዘውትሬ የምላቸው ነገር ቢኖር፣ አንድን ከባድ ቃል በልጆች ፊት ከመናገራችሁ በፊት ከየት እንደ መጣና በማን ላይ እንደሚወድቅ ጠይቁ የሚል ነበር። ዛሬም ይህንኑ ላደርግ ነው የተነሣሁት። ጸሐፊው ወንድማችን «ጣዖት» የሚለውን ቃል አሥራ ሰባት ጊዜ ጽፈውታል፤ ቆጥሬዋለሁ። ምን ማለት እንደ ሆነ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልነገሩንም።

ቃሉን እንመርምረው

«ጣዖት» አማርኛ ከግዕዝ የወረሰው ቃል ነው። ግዕዝም ከአራማይክ ቋንቋ እንደ ተዋሰው የሴም ቋንቋዎችን ያጠኑ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የሥሩም ትርጉም መሳት፣ መንገድ መልቀቅ፣ መባዘን ነው። ልብ በሉ፤ የቃሉ ሥር ድንጋይ ማለት አይደለም። እንጨት ማለት አይደለም። ዶቃ ማለትማ ከቶ አይደለም። ስሕተት ማለት ነው። ስሕተት ደግሞ የሚኖረው በሰው ልብና በሰው አካሄድ ውስጥ እንጂ በሸክላ ውስጥ አይደለም።

ሙስሊም ወንድሞቻችንም የዚህን ቃል ዘመድ ያውቁታል። በቁርኣን ውስጥ ጣጉት የሚለው ቃል አለ፤ በአላህ የሚያምን ሰው አስቀድሞ ጣጉትን ይክዳል ተብሎ ተጽፎአል። የዓረብኛ ሊቃውንት ይህን ቃል የሚፈቱት ወሰን ማለፍ ከሚል ሐሳብ ተነሥተው ነው። ከዚህም የተነሣ ሐውልቱን ብቻ ሳይሆን ሰይጣኑንም፣ ጠንቋዩንም፣ ከአላህ ወሰን አልፎ ሰውን የሚገዛውን ግፈኛም በዚህ ስም የሚጠሩ ተንታኞች አሉ። እንግዲህ በአንዱ ወገን ፍቺ ጣዖት መሳት ነው፤ በሌላው ወገን ፍቺ ወሰን ማለፍ ነው። ታዲያ ከዛፉ ሥር ወሰን ያለፈው ማን ነበር? ቡና ያፈላችው እናት ናት ወይስ የሰው ጀበና የረገጠው እግር?

አንዳንድ ሰዎች ግን ነገሩን በሌላ በኩል ይዘውታል። «የቃሉ ምንጭ አረማዊ ከሆነ የሚጠራበት ሰው አረማዊ ነው» ይላሉ። በተለይም «ዋቃ» ብለው የሚጸልዩትን የኦሮሞ ጎረቤቶቻችንን ጣዖት ጠሪዎች ሲሉአቸው ሰምቻለሁ። ይህ ሚዛን ከሆነ እስቲ በራሳችን ቃላት ላይ እንሞክረው።

ግዕዝ የቆጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው «ልብስ» ሲበዛ «አልባስ» ይሆናል፤ «ፈረስ» ሲበዛ «አፍራስ» ይሆናል። «አምላክ» የሚለው ቃላችንም የተሠራው በዚሁ በብዙ ቁጥር መልክ ነው። የዕብራይስጡ «ኤሎሂም»ም እንዲሁ መልኩ የብዙ ነው። ታዲያ «አምላኬ» ብሎ የሚጸልይ ሁሉ ብዙ አማልክት ያመልካል ይባላልን? አይባልም። የቃሉ መልክ ሌላ ነው፤ የጸላዩ ልብ ያለበት ቦታ ሌላ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ አስታርን፣ ብሔርን፣ ምድርንና መሕረምን እየጠራ ያመሰግናል። በኋላ ባስቀረጸው ጽሑፍ ደግሞ የሰማይን ጌታ ያመሰግናል፤ በገንዘቡም ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ተነሥቶ መስቀል ገብቶበታል። እንግዲህ «ብሔር» የሚለው ቃል በአረማዊው ድንጋይ ላይ ከአስታር አጠገብ ተጠርቶአል። ይኸው ቃል ዛሬ የት ነው ያለው? «እግዚአብሔር» በሚለው ስም ውስጥ ነው። ሊቃውንት የአገር ጌታ፣ የዓለም ጌታ ብለው ይፈቱታል። አባቶቻችን ቃሉን አልሰበሩትም። አንጽተው፣ አጥበው ተጠቀሙበት እንጂ።

«ዋቃ»ስ ቢሆን? ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ለፈጣሪ የመረጠው ስም ይኸው ዋቃ ነው። ስለዚህ ዋቃን ጣዖት የሚል ክርስቲያን የኦሮሞ ወንድሙን መጽሐፍ ቅዱስ መቅደድ ይኖርበታል። የዓረብ ክርስቲያኖችም በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ፈጣሪን አላህ ብለው ይጠሩታል። ስም የጋራ ዕቃ ነው፤ እንደ ቧንቧው ውሃ ሁሉም በየጀሪካኑ ይቀዳዋል።

ነገሩን ደግሞ እንመርምረው

«እሺ፣ ቃሉን ተወው፤ ዶቃውና ጀበናውስ?» የሚለኝ ይኖራል። መልሴን ከራሱ ከመጽሐፉ ልውሰድ።

በምድረ በዳ ሕዝቡ በእባብ ሲነደፍ ሙሴ በታዘዘው መሠረት የናስ እባብ ሠርቶ ሰቀለ፤ ያየው ሁሉ ዳነ። ይህ በኦሪት ዘኁልቍ ተጽፎአል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሕዝቡ ለዚያው ናስ ዕጣን ማጠን ስለ ጀመረ ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው። ይህም በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎአል። ናሱ ያው ናስ ነው፤ አልተለወጠም። በሙሴ እጅ መድኃኒት ነበር፤ በልጅ ልጆቹ ዘመን ጣዖት ሆነ። የተለወጠው የሰዎቹ ልብ ነው። እንግዲያስ ዕቃን አይቶ ብቻ ጣዖት ነው አይደለም ብሎ መፍረድ አይቻልም ማለት ነው።

በየእምነታችን ውስጥ ይህን ልዩነት የማያውቅ ወገን የለም። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት የአምልኮ ስግደትንና የአክብሮት ስግደትን ለይተው ያስተምራሉ፤ በሥዕል ፊት የሚሰግድ ምእመን ለቀለሙ እንደማይሰግድ ያውቃል። ወንጌላውያን ወንድሞቻችን መጽሐፋቸውን በአክብሮት ይይዛሉ፤ ወረቀት አመለኩ የሚላቸው የለም። ሙስሊሞች ለሐጅ ሲሄዱ ጥቁሩን ድንጋይ ይሳለማሉ፤ ኸሊፋው ዑመር ግን ድንጋዩ የማይጠቅምም የማይጎዳም ድንጋይ ብቻ መሆኑን እንደሚያውቅ መናገሩ በሐዲስ ተዘግቦአል። ሁላችንም የራሳችንን ስንዳኝ ልብን እናያለን። የሌላውን ስንዳኝ ግን ዓይናችን ከዕቃው አያልፍም። ለራስ ልብ፣ ለጎረቤት ዕቃ! ይህ ፍርድ አይደለም፤ አድልዎ ነው።

ታሪካችን ምን ይላል?

ይህ ክስ በምድራችን አዲስ አይደለም። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተማረና መጻሕፍት የደረሰ ንጉሥ ነበር። ሕዝቡ ደስክና ዲኖ ከተባሉት አምልኮ እንዲርቅ ብሎ በግንባሩና በክንዱ ላይ የሃይማኖት መግለጫና የሰይጣን ክህደት ጽፎ እንዲይዝ አዘዘ። ከዚያስ? ክሱ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን የንጉሡ የገዛ ልጆች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ጣዖት አመለካችሁ ተብለው ተገረፉ፤ ከግርፋቱም የሞቱ አሉ። ጣዖት ያድናል የተባለው ሕግ የአባት እጅ በልጁ ላይ እንዲነሣ አደረገ።

በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሡ አንሰግድም አሉ። ንጉሡ ሃይማኖት የካዱ አላቸው፤ እነሱ ደግሞ ለሰው መስገድን ጣዖት ማምለክ አደረጉት። ተገረፉ፣ ታሰሩ፣ ተገደሉ። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች በአንድ አምላክ ስም፣ በአንድ መጽሐፍ እየማሉ እርስ በርሳቸው አንዱ ሌላውን ከእውነት የወጣ አሉት። አለንጋው ግን በአንደኛው እጅ ብቻ ነበር። ወንድሞቼ፣ በታሪካችን ውስጥ ጣዖቱ ማን ጋ እንዳለ የተወሰነው ብዙ ጊዜ በክርክር አይደለም፤ አለንጋውን ማን እንደ ያዘ በማየት ነው።

ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በኢማም አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ያቃጠለው እምነትን ያጠራሁ ይመስለው ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊሞች ተጠመቁ ተባሉ። ብዙዎች አገር ለቀው ተሰደዱ፤ የቀሩትም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ሲያነድ ሌላው ሲሰደድ። ሁላችንም የአንድ ጊዜ አንዳጆችና የአንድ ጊዜ ስደተኞች ልጆች ነን።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ የሚያኮራ ታሪክ አለን። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመካን ጣዖታት አናመልክም ያሉ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። አሳዳጆቻቸው ከኋላቸው ደርሰው ለንጉሡ እጅ መንሻ ሰጡና «ቃላቸውን ሳትሰማ አስረክበን» አሉት። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ነጋሢው እምቢ አለ። ተከሳሾቹን አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ ከአቡ ጣሊብ ልጅ ከጃዕፈርም አፍ ነገሩን ሰማ። ከሰማም በኋላ እጅ መንሻውን መለሰ፤ ስደተኞቹንም አሳደረ። እነሆ፣ የእኛ አገር ስም በዓለም ላይ በበጎ የተጠራው ጣዖት ሰባሪ ስለ ነበረን አይደለም፤ ሳይጠይቅ የማይፈርድ ንጉሥ ስለ ነበረን ነው።

እኛስ ጠየቅን? ያን ዕለት ከወጣቶቹ አንዱ «እማማ፣ ይህ ጨሌ ምንዎ ነው?» ብሎአልን? እኔ ዘግይቼም ቢሆን ሄጄ ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይኸ የእናቴ ነው። በሰባ ሰባቱ ረኃብ ቆረም ላይ ስትሞትብኝ ካንገቷ ፈታሁት። መቃብሯን አላውቀውም፤ ከብዙ ሰው ጋር ነው የተቀበረች። ቡና ስትወድ ለጉድ ነበር። አቦሉን ለመሬት የማፈሰው ለሷ ነው። መሬት ምን ጊዜም መሬት ነው፤ እዚህም ብትሆን ታደርስልኛለች።» ይህን ሰምቼ የምመልሰው አጣሁ። ጸሐፊው ወንድማችን ቢሰሙትስ ኖሮ አሥራ ሰባት ጊዜ የጻፉትን ቃል ለአሥራ ስምንተኛ ጊዜ ይጽፉት ነበር?

እውነተኞቹ ጣዖታት የት ናቸው?

ጣዖት የለም አላልኩም። አለ፤ ሞልቶአል። እኔ የምለይበት ምልክት ሦስት ነው። በሰው እጅ ወይም በሰው አፍ ተሠርቶ ሳለ ሠሪውን ይገዛዋል። ጥያቄ አይወድም፤ የጠየቀውን ሁሉ ከሐዲ ይለዋል። በመጨረሻም የሌላ ሰው ደም ወይም የሌላ ሰው እንጀራ ይጠይቃል። በዚህ ሚዛን የእኒያ እናት ጨሌ ጣዖት አይደለም። አልገዛቸውም፤ ስለሱ ስጠይቃቸው በፈገግታ መለሱልኝ፤ ከማንም ላይ ምንም አልወሰደም።

በዚሁ ሚዛን ሌሎቹን እንመዝን። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ተብሎ የተገዘተ ሰው እግሩን ሊያነሣ አይችልም ነበር፤ የሰው ስም የመሐላ ማሠሪያ ሆኖ ነበርና። ንጉሡ ወረዱ፤ ማሠሪያው ግን ባለቤት ለወጠ እንጂ አልተፈታም። «አብዮት» የሚለው ቃል ተተካ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የወጣቶች ሬሳ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት በየመንገዱ ተጣለ። ለማን ተሠዉ? ለቃል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ ለትግላችንም ሐውልት ሲቆም፣ ወሎና ትግራይ በረኃብ ያልቁ ነበር። የዚያ ጨሌ ባለቤት ቆረም ላይ የሞቱት በዚያው ዓመት ነው! እስቲ ፍረዱ፤ ከሐውልቱና ከዶቃው ጣዖቱ የቱ ነው?

የሌኒን ሐውልት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተተከለው በፈረንጅ አቆጣጠር 1983 ነው፤ የወደቀው በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። ያው ቁጥር ተከለው፣ ያው ቁጥር ነቀለው። ሐውልቱ በገመድ ተስቦ ሲወድቅ ብዙ ሰው እልል ብሎአል። ነገር ግን የድንጋይና የናስ ጣዖት ሲወድቅ የቃል ጣዖት አብሮ አይወድቅም። ወዲያው ሌላ ዙፋን ይፈልጋል።

ይህንንም ዙፋን «ብሔር» አገኘው። በኢዛና ድንጋይ ላይ ከአስታር አጠገብ የነበረው ቃል ከአንድ ሺሕ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። የብሔረሰቦች ጥያቄ በ1962 ዓ.ም. በዋለልኝ መኮንን ጽሑፍ በግልጽ ሲነሣ የፍትሕ ጥያቄ ነበር። የተገፋ ሕዝብ ስሙን መጥራቱ፣ በቋንቋው መማርና መዳኘት መሻቱ ትክክል ነው፤ ይህን እንደ መምህር እመሰክራለሁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ቃሉ መግቢያው ላይ ተቀመጠ። እስከዚህ ድረስ ናስ ነው፤ ምናልባትም መድኃኒት ነው። ነገር ግን ዕጣን ይጨስለት፣ ሰው ይታረድለት ሲባል ያን ጊዜ ሕዝቅያስ ያስፈልገዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በየክልሉ በየስሙ ምን ያህል ሰው እንደ ተገበረለት ከዚህ የሰፈርን ሁሉ በሥጋችን እናውቀዋለን። ሁሉም ወገን የራሱን ብሔር ስም እየጠራ ሠዋ። እዚህም አልቀረን፤ አዲስ ስደተኛ ሲመጣ በልተሃል ወይ ከማለታችን በፊት «ብሔርህ ምንድን ነው?» እንላለን። ከቧንቧው ተራ እንኳ በብሔር የተደረደርንበት ቀን አለ። ጸሐፊው ወንድማችን ስለዚህ ጣዖት አንድ መስመር አልጻፉም።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«መጽሐፍ ጣዖትን ስበር አላለምን?» ትሉኝ ይሆናል። ብሎአል። ግን ማን የማንን ሰበረ? ጌዴዎን በሌሊት ያፈረሰው የበኣል መሠዊያ የገዛ አባቱን መሠዊያ ነው። ሕዝቅያስ የሰበረው እባብ የገዛ ሕዝቡ ያጥንለት የነበረውን ነው። በቁርኣንም እንደ ተተረከው ኢብራሂም የሰባበራቸው ጣዖታት የገዛ አባቱና የገዛ ወገኖቹ ነበሩ፤ ያውም ትልቁን ትቶ፣ ጣዖታቱን ጠይቁአቸው ብሎ ወገኖቹን ወደ ማሰብ ሊያመጣቸው ሞከረ። እነዚህ ሁሉ ከቤታቸው ጀመሩ፤ ዋጋውንም በራሳቸው ነፍስ ላይ ቆርጠው ጀመሩ። የአንዲት ጧሪ የሌላቸው ባልቴት ጀበና ለመርገጥ ግን ምን ዋጋ ያስከፍላል? ምንም። ዋጋ የማያስከፍል ጣዖት ሰባሪነት ጀግንነት አይደለም።

ጸሐፊው ወንድማችን አንድ እውነት ይዘዋል፤ አልክድም። ሕመምተኛን ከክሊኒክ አስቀርቶ ዶሮና ገንዘብ የሚቀበል አታላይ በየሰፈሩ አለ። እሱን እንቃወመው። ነገር ግን የምንቃወመው ሥራውን በስሙ ጠርተን ነው፤ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ወስደን፣ የተበላበትንም ገንዘብ በሽማግሌ አስመልሰን ነው። «ጣዖት» የሚለውን ቃል በጅምላ ስንወረውረው አታላዩ ያመልጣል፤ የሚመታው ማምለጥ ያልቻለው ነው።

የራሽኑንም ነገር ልመልስ። በ2025 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ ካምፖች ራሽን የተቀነሰው የዓለም የምግብ ፕሮግራም የለጋሾች ገንዘብ ስላጠረው ነው። ይህ የታወቀ ነገር ነው። በባልቴት ዶቃ ምክንያት ዱቄት አልጎደለም። ለተራበ ሰው የረኃቡን ምክንያት ጎረቤቱ ላይ ማሳየት ግን እጅግ አደገኛ ነገር ነው። አገራችን ሳለን ያደረግነው፣ ለዚህም ያበቃን እሱ አይደለም ወይ?

የራሴን ጣዖት ልናገር

ከቤት ይጀመር ብያለሁና ከራሴ ልጀምር። ያን ዕለት እኔ ከውሃው ሰልፍ ውስጥ ነበርኩ። ከጀበናው ሃያ እርምጃ አልርቅም። ከአራቱ ወጣቶች ሁለቱን ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ «ተዉ» ብላቸው ይሰሙኝ ነበር። አላልኩም። ስለምን? በሚቀጥለው ሳምንት ኢንተርቪው ነበረኝ። ከጠብ ውስጥ ገባ ተብሎ ስሜ ቢመዘገብ ፕሮሰሴ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ።

«ፕሮሰስ»! ይህን ቃል የማያውቅ በካምፓችን ውስጥ ማን አለ? ጠዋት የምንነሣው በስሙ ነው፤ ማታ የምንተኛውም በስሙ ነው። ለሱ ሲባል ትዳር ፈርሶአል፤ ወንድም ወንድሙን አላውቀውም ብሎአል። የሰው እጅ የሠራው ወረቀት ነው፤ እኛን ግን ይገዛናል። ጥያቄ አይወድም። የጎረቤትን እንጀራ ይጠይቃል፤ ከኔም የአንዲትን እናት ክብር ጠይቆ ተቀብሎኛል። ተስፋ ማድረግ ኃጢአት አይደለም፤ ፎርም መሙላትም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በሱ ፊት ዝም ብዬ የቆምኩበት ያ ሰዓት ስግደት ነበር። ወጣቶቹ የሰው ጀበና ሲሰብሩ እኔ ለፋይል እየሰገድኩ ነበር። ታዲያ ከዛፉ ሥር ጣዖት አምላኪ ተፈልጎ ቢሆን ኖሮ ከሰልፉ ውስጥ ይገኝ ነበር።

ምን እናድርግ?

ነገሬን እዚህ ላይ ልቋጭ። ለጸሐፊው ወንድማችን ጥላቻ የለኝም፤ ብዕራቸውን አከብራለሁ። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ነገ ከቀትር በኋላ ወደ ዛፉ ሥር ይምጡና ከኒያ እናት ጋር ቡና ይጠጡ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱን ጠጥተው ሲያበቁ ያንኑ ቃል ዳግመኛ ለመጻፍ ብዕራቸው ከታዘዘላቸው ይጻፉ፤ እኔም በዚህችው መጽሔት ላይ እንደገና እመልስላቸዋለሁ።

ለአራቱ ወጣቶች፦ ጀበና የሚገዛበት ሦስት ሰው ገንዘብ አዋጥተናል፤ ጀበናውን ግን ገዝታችሁ፣ ተሸክማችሁ የምትወስዱት እናንተ ናችሁ። ይቅርታውን እኔ ልጠይቅላችሁ አልችልም፤ የራሴን ጠይቄአለሁ።

ለወላጆች፦ ልጆቻችሁ የለቀሙት ዶቃ በየቤታችሁ አለ፤ አንዳንዱ የመጫወቻ ክር ላይ ተሰክቶ አይቼዋለሁ። እባካችሁ ሰብስባችሁ ላኩ። እስከ ትናንት ማታ ሠላሳ አንድ ተገኝቶአል። ባለቤቲቱ እንደ ነገሩኝ ከሆነ ገና ሃያ ሁለት ይቀራል።